ከተዳርኩ ጀምሮ ወይን እለቅማለሁ፣ አሁን ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ዓምድሽን ሁሌ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ነው የማነበው፣ አንድ ቀን እኔም እፅፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሰሜን ጣሊያን ፒየሞንቴ ውስጥ ሞንፌራቶ የሚባል ቦታ ነው፣ አስቲ ከምትባለው ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ። ከሀገሬ የመጣሁት አሮጊት ልጠብቅ ነበር፣ የማስታምማቸው ሴትዮ ጎረቤት ከነበረ ልጅ ጋር ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ 11 አመቷ ነው። የባሌ ቤተሰብ ከቅድመ አያት ጀምሮ ወይን ተካይ ነው። በብዛት ባርቤራ የሚባለውን ቀይ ወይን ነው የምናመርተው፣ ትንሽ ሞስካቶም አለን። 7 ሄክታር ነው፣ ሲያወሩት ትንሽ ነው፣ ለሚሰራው ሰው ግን ማለቂያ የለውም።

እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ እዛው ነው የምሰራው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ብርዱ ጣት እየቆረጠ ቅርንጫፍ እገርዛለሁ፣ ማርች ላይ ሽቦው ላይ አስራለሁ፣ ሜይና ጁን ትርፍ ቅጠሉን እቀነጥባለሁ፣ መስከረም ላይ እለቅማለሁ፣ ከዛ ካንቲና፣ ወይኑ የሚፈላበት ምድር ቤት፣ ወርጄ ታንክ አጥባለሁ፣ ጠርሙስ እሞላለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ለቱሪስት አቀምሳለሁ። መስቀልን እንደ ሰው አክብሬው አላውቅም፣ ባርቤራው የሚደርሰው ሁሌ ያኔ ነው። ደሞዝ የለኝም። ሲያስፈልገኝ ባሌ ይሰጠኛል፣ ባሌ ደሞ ሲያስፈልገው አባቱ ይሰጡታል። ፌስቡክ ላይ ፎቶ ስለጥፍ ጓደኞቼ «ታድለሽ» ይሉኛል።

አምና ለቀማው ሊጀመር ሲል አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ። ባሌ ዝናብ እየመጣ ነው ቶሎ እንልቀም አለ፣ እኔ ፍሬውን ነክሼ ዘሩን ሳየው ገና አረንጓዴ ነው፣ ስኳር መለኪያውም አልደረሰም፣ እንጠብቅ አልኩ፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ እሺ አለኝ። ዝናቡም መጣ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ፣ ግን ወዲያው ነፋስ ነፍሶ አደረቀው፣ ፀሀይ ወጣ፣ ጠብቀን ለቀምን። ሲፈላም ሌሊት እየተነሳሁ የታንኩን ሙቀት የማየው እኔ ነበርኩ። እናቴ ጠጅ ጥላ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ጥንስስ ሲበላሽ በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። ወይኑ በጣም ጥሩ ሆኖ ወጣ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እንግዶች መጡ፣ አማቴ በከዘራቸው እየሄዱ ቀድተው አቀመሷቸውና «ይሄን ልጄ ነው የሰራው፣ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ» አሏቸው። ባሌ አጠገባቸው ቆሟል። ፈገግ አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ እዛው ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

አሁን ደሞ ሚላኖ የሚኖረው ዋርሳዬ እርሻው ይሸጥ እያለ ነው፣ ገዢም አለ ይላል። አስቲ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ቋሚ ኮንትራት ከነደሞዙ ሰጥቶኛል፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ብሄድ ቤተሰቡን በጭንቅ ጊዜ ከዳች እባላለሁ፣ ብቆይ ደሞ የሰው እርሻ ላይ አረጃለሁ። እናቴን ሳማክራት «ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው» ብቻ ነው የምትለኝ። ምን ትዪኛለሽ?

ምራት ነኝ፣ ከሞንፌራቶ

መልስ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ስራሽ ረጅም ቦታ ይዟል፣ ብርጭቆ እያጠብሽ የሰማሽው ነገር ደሞ በአራት አምስት አጭር አረፍተ ነገር አልቋል። እኔን ግን ቆም ያረገኝ እሱ ነው። ብርዱንም፣ ደሞዝ ማጣቱንም፣ የመስቀሉንም ነገር ይኸው ስንት አመት ችለሽዋል፣ ልውጣ ወይ ማለት የጀመርሽው ግን ከዛች ፈገግታ በኋላ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ፣ ግን እስቲ ለራስሽ ጠይቂው፣ ባልሽ ያን ቀን «አይ አባዬ፣ እሷ ናት የሰራችው» ብሎ ቢሆን ኖሮ የመጦሪያው ኮንትራት ዛሬ ይሄን ያህል ያጓጓሽ ነበር?

ስለዚህ ውጪም ቆዪም አልልሽም፣ ገና ሁለት ያልታዩ ነገሮች አሉ፣ አንዱ ባልሽ ነው፣ አንዱ ወረቀትሽ ነው። ሁለቱ ሳይታዩ የሚወሰን ነገር ወይ በንዴት ይሆናል ወይ በይሉኝታ።

በባልሽ እንጀምር። ለምን ዝም እንዳለ ጠይቀሽዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ እንግዳ ፊት አባቱን ማረም ነውር መስሎትም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ኪሱን እንኳ በአባቱ ፈቃድ የሚከፍት ሰው ነው ብለሽኛል፣ «ይሄን ልጄ ነው የሰራው» የምትለዋን ቃል ምናልባት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቃት ኖሯል፣ ስትመጣለት ደሞ ያንቺ መሆኗን እያወቀ መመለስ አቃተው። ይሄን የምልሽ ማሪው ለማለት አይደለም፣ የሰው ድካም ወስዶ ፈገግ ማለት ጥፋት ነው። ግን ክፉ ሰው ነው ብለሽ ስታወሪውና ተርቦ ነው ብለሽ ስታወሪው ከአፍሽ የሚወጣው ነገር ይለያያል፣ እሱም የሚመልስልሽ ይለያያል።

ቤት ውስጥ አታውሪው፣ አማትሽ በሰሙት ባልሰሙት እያለ ድምፁን ሲቀንስ ነው የሚያመሸው። መኪና ውስጥ ይሻላል፣ ወይ ማታ ወይኑ ረድፍ መሀል ስትሄዱ። አጭር አርጊው፣ «ያን ቀን ዝም ስትል እኔ እዛ የሌለሁ ነው የመሰለኝ። ወይኑን ማን እንደሰራው ታውቃለህ፣ ልጆቻችንም እንዲያውቁ እፈልጋለሁ» በይውና ዝም በይ። ያን ማታ የዋርሳሽን ነገር፣ የመጦሪያውን ነገር፣ ያለፈውን ሁሉ አታምጪበት። እኛ ሴቶች አንዴ አፋችን ከተከፈተ የአስር አመቱን ነው የምናወርደው፣ ሰውዬው ደሞ ከአስሩ ቀላሉን መርጦ እሱን ይመልስልሻል። አንዷን ብቻ ስጪው፣ ይመልሳት።

ስለ አማትሽ ደሞ አንድ ነገር ልበል፣ የዛን አካባቢ ነገር ትንሽ ስለማውቅ። እ.ኤ.አ በ1986 ፒየሞንቴ ውስጥ ርካሽ ወይን ላይ አልኮሉ ከፍ እንዲል ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል የጨመሩ ሰዎች ነበሩ፣ ከ20 በላይ ሰው ሞተ፣ አይናቸው የጠፋም አሉ። የባርቤራ ስም ያኔ ነው የተበላሸው፣ እጁ የሌለበት ገበሬ ሁሉ አብሮ ተጠረጠረ፣ ወይኑ ሳይሸጥ ቀረ። አማትሽ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ ማለት ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ስማቸው አለ። እንዲህ አይነት ነገር ያየ ሰው ታንኩን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፣ ከነካም የራሱ ደም ቢሆን ይመርጣል። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ጠይቂያቸው። ከጠርሙስ ሙሌት በኋላ ረጋ ያሉበት ሰአት ካለ «ያኔ እንዴት አለፋችሁት?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ይተርኩልሽ። የእርሻውን ሽያጭ ከምትጠይቂያቸው ይሄን ብትጠይቂያቸው ብዙ ያወራሉ፣ አንቺም ከማን ጋር እንደምትኖሪ ታውቂያለሽ። ከሳቸው ይቅርታ ጠብቀሽ ግን እንዳትጎጂ፣ በዛ እድሜ ላይ ያ ላይመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ረዘም ልል ነው፣ ምክንያቱም ማንም የነገረሽ አይመስለኝም።

የጣሊያን የፍትሀብሄር ህግ ውስጥ አንቀፅ 230 ቢስ የሚባል አለ፣ በ1975 የቤተሰብ ህጉ ሲሻሻል የገባ ነው፣ «ኢምፕሬዛ ፋሚሊያሬ»፣ የቤተሰብ ድርጅት፣ ይሉታል። የተፃፈው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው ማለት ይቻላል፣ ማለትም ቤተሰብ ነሽ እየተባለ ያለ ደሞዝና ያለ ኮንትራት በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ዘወትር ለሚሰራ ሰው። የትዳር ጓደኛ፣ እስከ ሶስተኛ ደረጃ ያለ የስጋ ዘመድ፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የጋብቻ ዘመድ ይገባበታል፣ ምራት ደሞ አንደኛ ደረጃ ናት። የመኖሪያ ወጪሽ እንዲሸፈን መብት አለሽ፣ ከትርፉ ድርሻ አለሽ፣ በትርፉ ከተገዛው ነገርና ድርጅቱ ዋጋው ከጨመረውም እንደ ስራሽ መጠን ድርሻ አለሽ። ድርጅቱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል፣ ምን ይመረት የሚለው ደሞ እዛ የሚሰሩት የቤተሰብ አባላት በድምፅ ብልጫ የሚወስኑት ነው ይላል። ሲሸጥ ወይ ውርስ ሲካፈልም የቅድሚያ መብት ይሰጥሻል። የሴት ስራ ከወንድ ስራ እኩል ነው የሚል አረፍተ ነገርም ራሱ አንቀፁ ውስጥ አለ፣ በ1975 ይሄን መፃፍ ያስፈለጋቸው የገጠሩን ሴት አይተው መሆን አለበት።

ግን ቶሎ አትደሰቺ፣ አንድ መጣራት ያለበት ነገር አለ። እርሻው በአማትሽ የግል ስም የተመዘገበ ነው ወይስ ሶቼታ፣ ማለትም የሽርክና ማህበር፣ ነው? ሶቼታ ከሆነ ፍርድ ቤቶቹ ይሄ አንቀፅ አይሰራም ስላሉ መንገዱ ሌላ ይሆናል። ከካሜራ ዲ ኮሜርቾ፣ ከንግድ ምክር ቤቱ፣ «ቪዙራ» የሚባል የምዝገባ ወረቀት በትንሽ ብር ይወጣል፣ ማንም ሰው ማውጣት ይችላል፣ እሱ ላይ ታገኚዋለሽ። ሁለተኛ፣ ኢንፕስ፣ የጡረታ መስሪያ ቤቱ፣ ሳይት ላይ በስፒድሽ፣ በኢንተርኔት መታወቂያሽ፣ ግቢና የመዋጮ ዝርዝርሽን አውጪው። የአርሶ አደር ቤተሰብ አባል በኢንፕስ እንደ አጋዥ ሰራተኛ ይመዘገባል፣ አማትሽ አስመዝግበውሽ ከሆነ ስንት አመት ጡረታሽ ሲከፈል ኖሯል ማለት ነው፣ ካላስመዘገቡሽ ደሞ ባዶውን ታይዋለሽ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ስለ መጦሪያው ስራ ማሰብ አትችዪም፣ ምክንያቱም የመጦሪያው ትልቁ ነገር ደሞዙ ሳይሆን ያ መዋጮ ነው። ስፒድ ከሌለሽ ወይ ከከበደሽ ፓትሮናቶ የሚባለው የሰራተኞች መርጃ ቢሮ ሂጂ፣ ይሄን መሰል ነገር በነፃ ያዩልሻል። ጠበቃ ካስፈለገሽም ሰነዱን ይዘሽ ስትሄጂ ቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል።

አንድ የደነገጥኩበት ነገር ደሞ አለ፣ ሌሊት ብቻሽን ካንቲና እየወረድሽ ታንክ ታያለሽ ብለሻል። ወይን ሲፈላ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ ታች ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ታንክ ላጥብ ብሎ ገብቶ የቀረ፣ እሱን ላወጣ ብሎ ተከትሎት የቀረ ሰው በወይን ሀገር ሁሉ አለ። ይሄን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አማትሽም ሳያስጠነቅቁሽ አልቀሩም። ግን እንበልና አንድ ሌሊት እዛ ወደቅሽ፣ አንቺ እዛ ምን ስትሰሪ ነበርሽ ይባላል? ሰራተኛ ነሽ? እንግዳ ነሽ? የስራ አደጋ መድን ያለሽ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ አጣሪው፣ ዘንድሮ ደሞ ወይኑ መፍላት ከጀመረ ማንም ብቻውን አይወርድም፣ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ መለኪያ መሳሪያም ይገዛ። ይሄኛውን ለማንም ሳታማክሪ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ማንም ቅር የሚልበት ነገር የለውም።

ዋርሳሽን በተመለከተ፣ እንደ ጠላት ባታይው ጥሩ ነው። 7 ሄክታር ወይን ሚላኖ ሆኖ ለሚያየው ሰው ወጪ ነው፣ በረዶ አለ፣ ያ ፍላቬሼንሳ ዶራታ የሚሉት በሽታ ባርቤራን አይምርም፣ የታመመውን ግንድ መንቀል ደሞ በህግ ግዴታ ነው፣ አባቱ ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ወንድሙ ብቻውን አይችልም ብሎ አስቦ ይሆናል። ብቻውን እንዳልሆነ ማን ነገረው? አምና ማን እንደጠበቀ፣ ማን እንደለቀመ፣ ወይኑን ማን እንዳፈላው ያውቃል? ለሱም «ልጄ ነው የሰራው» ተብሎ ከሆነ የተነገረው፣ የሱ ሂሳብ ውስጥ አንቺ የለሽም። ሂሳቡ ውስጥ ስትገቢ መልሱ ሊቀየር ይችላል፣ ላይቀየርም ይችላል። ግን ይሄን ለዋርሳሽ መናገር የባልሽ ድርሻ ነው፣ ወንድሙ ነው።

አማትሽ በህይወት እያሉ እርሻውን ለማስተላለፍ ከፈለጉ «ፓቶ ዲ ፋሚሊያ» የሚባል የቤተሰብ ውል አለ፣ ከ2006 ጀምሮ ያለ ነው፣ ኖታዮ፣ ውል አዋዋዩ፣ ፊት ነው የሚፈረመው። ድርጅቱን ለባልሽ ወይ ለልጅ ልጆቻቸው ማስተላለፍ ይችላሉ፣ ዋርሳሽ እዛው ተገኝቶ ድርሻውን በገንዘብ ይወስዳል ወይ ይተዋል። ለምራት ግን አይተላለፍም፣ ለተወላጅ ብቻ ነው። ይሄን የምነግርሽ ከአሁኑ እንድታውቂው ነው፣ ሁሉም ነገር ባማረበት ቀን እንኳ ወረቀቱ ላይ የሚፃፈው የባልሽ ስም ነው፣ ያንቺ ድርሻ በሌላ መንገድ ካልተፃፈ አሁንም ብርጭቆ አጣቢዋ አንቺ ነሽ። ኖታዮ ዘንድ ከሄዱ «የኔስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ባልሽ ቢጠይቀው ደስ ይለኛል፣ ካልጠየቀ አንቺ ጠይቂው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ደሞ ትንሽ ነገር ብትጠይቂ ደስ ይለኝ ነበር፣ አንድ ታንክ። ዘንድሮ ከአንዱ ረድፍ የሚለቀም፣ መቼ እንደሚለቀም አንቺ የምትወስኚበት፣ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ስምሽ የሚፃፍበት አንድ ትንሽ ታንክ። ከ7 ሄክታር ላይ ይሄ ማንንም አያደኸይም፣ ቱሪስቱ ደሞ የጠጅ ጣይ ልጅ ያፈላችው ባርቤራ ነው ቢባል ይገዛል እንጂ አይሸሽም። ትሬንቲኖ ተራራ ላይ ሰው የተወውን መሬት አልምታ ፍየል ታረባ የነበረችው ኢትዮጵያዊቷ አጊቱ ጉደታ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አይቧን በራሷ ብራንድ ነበር የምትሸጠው። ጣሊያን ውስጥ የሀበሻ ሴት ገበሬ ታይቶ የማይታወቅ ነገር አይደለም። እሺ የሚሉሽ ከሆነም እምቢ የሚሉሽ ከሆነም፣ እዛ ቤት ምን ቦታ እንዳለሽ ከዚህ በላይ ግልፅ የሚያረግልሽ ጥያቄ አይመጣልኝም።

እናትሽን አትቆጪባት። «ቻይው» ስትልሽ ሌላ የምትሰጥሽ ነገር ስለሌላት ነው፣ እሷ ግን ጠጅ ሸጣ የራሷን ብር በመቀነቷ የቋጠረች ሴት ናት፣ በሚቀጥለው ስትደውዪላት «እማዬ፣ አንቺ ጠጁን ጥለሽ ብሩን ሌላ ሰው ቢቀበልልሽ ትችይው ነበር?» በያት፣ መልሷን እኔም ብሰማ ደስ ይለኛል።

የመጦሪያው ስራ ይቅርብሽ አላልኩም፣ በደንብ እየው እንጂ። ስትቆጪ እንደ በቀል ያየሽው ስራ ሲረጋጋ ጥሩ ስራ ሊሆን ይችላል፣ አዛውንት መንከባከብ ታውቂበታለሽ፣ የራስሽ ደሞዝ የራስሽ አካውንት ውስጥ ሲገባ ቤት ውስጥ የምትናገሪበት ድምፅም ይቀየራል። ከዳች ለሚሉሽ ደሞ ሰርቶ የሚያመጣ ሰው በበዛበት ቤት እርሻው ሳይሸጥ የሚቆይበት እድሜ ይረዝማል፣ ዋርሳሽም ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይገባዋል። እዛ ሀገር ወይን ያላቸው ቤተሰቦች ውስጥ አንዱ ውጭ ተቀጥሮ አንዱ እርሻው ላይ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ እስከ ኦገስት መጨረሻ ቁጭ ብለሽ ከመጨነቅ ነገ ደውዪላቸውና ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፣ ስራውን ለቀማው ካለቀ በኋላ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ መጀመር ይቻላል ወይ፣ በግማሽ ቀን ኮንትራትስ ይሆናል ወይ። እነሱ እስኪመልሱልሽ የኢንፕሱን ወረቀት አውጪ፣ ባልሽንም መኪና ውስጥ አናግሪው፣ እስከዛ ለማንም እሺም እምቢም አትበዪ።